የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰበት ተጫዋች ወደ ሜዳ እንዴት ይመለስ?

ቺካጎ ቡልስ ፊላዴልፊያን በ12 ነጥብ ይመራል። ጨዋታው ሊያበቃ የቀረው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው። ዴሪክ ሮዝ ኳሷን እያነጠረ ተከላካዮችን ሰንጥቆ ወደ ቅርጫቱ ገባ፤ በሁለት እግሩ ቆም ብሎ ሊነሣ ሲል ግራ ጉልበቱ ከዳው። ማንም አልነካውም። ዕለቱ ኤፕሪል 28 ቀን 2012 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሮዝ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ22 ዓመቱ የኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ተመርጧል፤ ይህን ክብር በዚያ ዕድሜ ያገኘ ሌላ ተጫዋች የለም።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከማክማቸው መካከል ብዙዎቹ የክለብና የትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። የሚነግሩኝም የሮዝን ታሪክ ነው፦ «ማንም አልነካኝም፤ ከዝላይ ስወርድ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ቋ ሲል ሰማሁት።» ቀጥለው የሚጠይቁት «መቼ እጫወታለሁ?» ብለው ነው። በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጌ አልመልስላቸውም። ጉልበቱ ምን ምን ማድረግ ሲችል እንደሚመለሱ ግን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ ለእናንተም የምጽፈው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር አስተሳስረው የሚይዙ አራት ዋና ዋና ጅማቶች አሉ። በቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ዘንድ በጣም የሚያሰጋው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው፤ ሐኪሞች ኤሲኤል ይሉታል። ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበት እንዳይጠማዘዝ ይይዛል። ሲበጠስ የደም ሥሮቹም አብረው ስለሚቀደዱ ጉልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ድምፅ ከሰማችሁ፣ በዚያው ዕለት ካበጠ፣ ስትረግጡ ከከዳችሁ፣ ሌላ ማስረጃ ሳትጠብቁ ጨዋታውን አቁሙ። «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ተመልሶ መሮጥ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ሚኒስከስ የሚባለውን ልም አጥንትም ሊያስቀድድ ይችላል።

የጎልደን ስቴቱ ተጫዋች ክሌይ ቶምፕሰን በ2019 የኤንቢኤ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ይኸው ጅማት ከተበጠሰበት በኋላ ወደ ሜዳ ተመልሶ ሁለት ነፃ ውርወራ አስቆጥሯል። ወጣቶች ይህን በአድናቆት ያነሡልኛል። እኔም ልቡን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን የሁለት ዓመት ተኩል መከራው የጀመረው በዚያች ቀን ነው፤ በዚህ አትከተሉት።

በአገራችን ጉልበት ሲያብጥ ቤተሰብ ቀድሞ የሚያስበው ወጌሻ ነው። ወጌሻ ለብዙ ትውልድ የሕዝብ ባለውለታ መሆኑን አልክድም። የተበጠሰ መስቀለኛ ጅማት ግን በማሸትና በመጎተት አይገጥምም፤ ደም የቋጠረን ጉልበት በቅባት ማሸት እብጠቱን ያባብሰዋል እንጂ አያወርደውም። በእነዚያ ቀናት የሚያስፈልጋችሁ ቀላል ነው፦ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በየጥቂት ሰዓቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማድረግ፣ ብዙ ሳያጠብቁ በላስቲክ ፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ ማንሣት፣ ሲራመዱ ምርኩዝ መያዝ። ከዚያ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፎ ቅልጥሙን ወደ ፊት በመሳብ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ኤምአርአይ ደግሞ ሚኒስከሱና ሌሎቹ ጅማቶች መትረፋቸውን ያሳያል።

ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የነገ ጉዳይ አይደለም። እብጠቱ ወርዶ፣ ጉልበቱ ቀጥ ማለት ችሎ፣ የጭን ጡንቻ እየታዘዘ ወደ ቀዶ ሕክምና የገባ ሰው በኋላ ይቀለዋል። አዲሱ ጅማት ከየት እንደሚወሰድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት፣ ከቋንጃ ወይም ከጭን ፊት ሊሆን ይችላል፤ የተወሰደበት ቦታም የራሱን ማገገሚያ ይፈልጋል። ሚኒስከስ ከተቀደደ ደግሞ «ይሰፋል ወይስ ይቆረጣል?» በሉ። ሮዝ ሁለቱንም አይቷል። በኖቬምበር 2013 የቀኝ ጉልበቱ ሚኒስከስ ተቀድዶ ሲሰፋለት የቀረው የውድድር ዘመን ሁሉ አለፈው። በፌብሩዋሪ 2015 ያው ሚኒስከስ እንደገና ሲቀደድ የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ወጣለትና ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተጫወተ። ስድስት ሳምንት ጆሮን ደስ ያሰኛል። ሆኖም ሚኒስከስ ተቆርጦ ከወጣ መልሶ አይበቅልም፤ ሸክሙ የሚያርፈው አጥንቱን በሸፈነው ልም አጥንት ላይ ነው። የ19 ዓመት ተጫዋች መስፋት እየተቻለ መቁረጥን እንዳይመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

መጀመሪያ ቀጥ ይበል

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሁሉም የሚጨነቀው ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ነው። እኔ ቀድሜ የማየው ቀጥ ማለቱን ነው። ሕመምተኛ ልጠይቅ ቤት ስገባ የማገኘው ትዕይንት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ልጁ ሶፋ ላይ ተጋድሟል፣ ጠያቂ ከብቦታል፣ እናቱ እንዳይቆረቁረው ብለው ከጉልበቱ ሥር ወፍራም ትራስ ደልድለውለታል። ፍቅር ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ጉልበት ታጥፎ በሰነበተ ቁጥር በዚያው ይደርቃል፤ ቀጥ የማይል ጉልበት ያለው ሰው ያነክሳል፤ የሚያነክስ ሰው የጭን ጡንቻውን መልሶ አይገነባም። ትራሱን ከጉልበት ሥር አውጥታችሁ ከተረከዝ ሥር አድርጉት። ጉልበቱ በአየር ላይ ይንጠልጠልና በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይህን አድርጉ።

መለኪያው እቤት አለ። በሆድ ተኝታችሁ ጭናችሁ አልጋው ላይ ይረፍ፤ ከጉልበት በታች ያለው እግር ከአልጋው ጠርዝ ወጥቶ ይንጠልጠል። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ተረከዞቻችሁን ይይ። የተጎዳው ከፍ ብሎ ከቀረ ሥራው አላለቀም።

ጎን ለጎን ጡንቻውን ቀስቅሱት። ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ የተጠቀለለ ትንሽ ፎጣ ከጉልበት ሥር አድርጉና ጭናችሁን አጥብቃችሁ ፎጣውን ወደ ወለል ተጫኑት፤ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ። የጉልበት ሎሚ ወደ ላይ ሲሳብ በዓይን መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻው ትእዛዝ የማይሰማ ሆኖባቸው የሚደነግጡ አሉ፤ እብጠቱ የነርቭ ትእዛዙን ስለሚያፍነው ነው፣ ይመለሳል። እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ስታነሡ ጉልበቱ ጎበጥ ካላለ ምርኩዝ ስለ መተው ከሐኪማችሁ ጋር መነጋገር ትችላላችሁ።

ስለ ምግብም ጥቂት ልበል። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችሁ በቀን 1.6 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ያሉበት ወቅት ከሆነ አይቸግርም። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ በየማዕዱ በዛ ብሎ ይቅረብ፤ ጾሙ ከበዳችሁም ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ፈቃድ አለ።

አታላዩ ጊዜ

ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ። ሕመሙ ጠፍቷል፣ መራመዱ ተስተካክሏል፣ ጓደኞች «ድነሃል እኮ» ይላሉ። ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። የተተካው ጅማት ገና ደም ሥር እያበቀለ ራሱን እየለወጠ ነው፤ ከተተከለበት ቀን ይልቅ በእነዚህ ሳምንታት ይደክማል። ብስክሌት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በአንድ እግር መቆም ይበቃችኋል። ኳስ ከናፈቃችሁ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ወርውሩ፤ የእጅ አንጓችሁና ክርናችሁ ይሠራል፣ ጉልበታችሁም ያርፋል።

ሩጫ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ሊጀመር ይችላል፤ እብጠት ከሌለና የተጎዳው እግር ጥንካሬ ለጤነኛው ከቀረበ ብቻ። ከዚያ በፊት መስታወት ፊት ከአንድ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ጉልበታችሁ ወደ አውራ ጣታችሁ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ይወድቃል? ወገባችሁ ወደ ጎን ያጋድላል? እንዲህ ከሆነ ገና ናችሁ። ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ይዛችሁ ስትወርዱ ጅማቱን የሚበጥሰው ይኸው አወራረድ ነው። ሴት ተጫዋቾች ለዚህ ጉዳት ከወንዶች ይልቅ የተጋለጡ ስለሆኑ አሠልጣኞቻቸው ይህን ነጥብ በተለይ ይያዙት።

ጤነኛውን እግር አትርሱት። ቶምፕሰን ከግራ ጉልበቱ እያገገመ ሳለ በኖቬምበር 2020 የቀኝ እግሩ የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ። የማገገሚያ ሥራ ለሁለቱም እግር፣ ለወገብና ለሆድ ጡንቻ ጭምር ነው።

ፈተናው

በ2016 የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ለሥራዬ መሠረት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት አደጋ በ51 በመቶ ቀንሷል። የብቃት ፈተናውን ሳያልፉ ከተመለሱት መካከል 38.2 በመቶው ዳግም ተጎድተዋል፤ ካለፉት ውስጥ 5.6 በመቶው ብቻ። ስለዚህ ዘጠኝ ወር መነሻ ነው፤ በሩን የሚከፍተው ፈተናው ነው።

ሜትር አምጡ። በጤነኛው እግራችሁ በአንድ እግር ወደ ፊት ዝለሉ፤ በዚያው እግር አርፋችሁ ሳትወላገዱ ቁሙና ርቀቱን ለኩ። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ የተሻለውን ጻፉ። በተጎዳው ድገሙት። ከዚያ ሦስት ተከታታይ ዝላይ፣ ቀጥሎም መስመር ግራና ቀኝ እያቋረጡ ሦስት ዝላይ፣ በመጨረሻም ስድስት ሜትርን በአንድ እግር እየዘለሉ በሰዓት መለካት። በሁሉም የተጎዳው እግር ከጤነኛው 90 በመቶ በታች መሆን የለበትም። ዝላይ ብቻውን ግን ያታልላል፤ ሰው ጉልበቱን አድኖ በዳሌውና በቁርጭምጭሚቱ ሊዘል ይችላል። የጭንን ጥንካሬ ለብቻው ጂምናዚየም ውስጥ በእግር መዘርጊያ ማሽን፣ በአንድ እግር ተራ በተራ፣ በባለሙያ ፊት አስለኩት። ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ወድቀውም ያዝናሉ፤ እኔም አብሬ አዝናለሁ፤ ግን አላሳልፋቸውም።

ሮዝን አብዝቼ የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው። በማርች 2013 ሐኪሞች መጫወት እንደሚችል ፈቅደውለት ነበር፤ እርሱ ግን ራሱን ዝግጁ ሆኖ ስላላገኘው የውድድር ዘመኑን በሙሉ ተቀምጦ አሳለፈ። ቡድኑ ተመናምኖ ለዋንጫው በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር ሲፋለም ጋዜጠኛውም ደጋፊውም ወቀሰው። ፈሪ ያሉትም ነበሩ። እኔ ትክክል ነበር እላለሁ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን አሥር ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ የተጎዳውም ሌላኛው ጉልበቱ ነበር፤ ታግሦ የጠበቀለት የግራ ጉልበቱ አዲስ ጅማት አልነበረም። ፍርሃት ካለባችሁ ለባለሙያችሁ ንገሩ። አእምሮው ያላመነበት እግር በድፍረት አይረግጥም፤ ይህም በፈተናው ውስጥ እንደሚካተት አንድ ነገር አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ከተመለሱ በኋላ

ፈተናውን ያለፈ ተጫዋች በማግስቱ ሙሉ ጨዋታ አይገባም። ብቻውን፣ ከዚያ ያለ ንክኪ ከቡድኑ ጋር፣ ከዚያ አንድ ለአንድ፣ ሦስት ለሦስት፣ በመጨረሻ አምስት ለአምስት። በእያንዳንዱ ደረጃ ማግስት ጉልበቱ ካበጠ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ቶምፕሰን ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 ሲመለስ ያሰለፉት 20 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ደቂቃዎች 17 ነጥብ አስቆጠረ፤ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። የክለብ አሠልጣኞች ይህን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።

አጨዋወታችሁንም አስተካክሉ። ሌላው የኤንቢኤ ተጫዋች ሾን ሊቪንግስተን በ2007 ጉልበቱ ወልቆ ሦስት ጅማቶቹ ሲበጠሱ እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ እንደሚችል ተነግሮት ነበር። ሲመለስ እንደ ድሮው በሰው ላይ የሚዘል ተጫዋች አልነበረም፤ በቁመቱ ተጠቅሞ ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ ከመካከለኛ ርቀት ዞሮ የሚወረውር ሆነና ከጎልደን ስቴት ጋር በ2015፣ በ2017 እና በ2018 ዋንጫ አነሣ። ሮዝም በኦክቶበር 31 ቀን 2018 ለሚኒሶታ ሲጫወት ዩታ ላይ 50 ነጥብ ባስቆጠረበት ምሽት ከሩቅ ወርውሮ የሚያስቆጥር ሰው ሆኖ ነበር፤ የመጨረሻውን የተጋጣሚ ውርወራም በእጁ መልሷል። ጨዋታ ያቆመው በ2024 ነው።

የጥንካሬ ሥራውን ሜዳ ከተመለሳችሁ በኋላም በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀጥሉ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አታቋርጡት፤ ዳግም ጉዳት የሚበዛው በእነዚህ ዓመታት ነው። ከልምምድ በፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ መሮጥ፣ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ፣ የቋንጃ ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ዘሎ በለስላሳ ማረፍና አቅጣጫ መቀየር ይሠራ። ሜዳችሁ ሲሚንቶ ከሆነ የዝላዩን ቁጥር ቀንሱ፤ ሶሉ ያለቀ ጫማም አታድርጉ።