ምራቃችን ጥርሳችንን እንዲጠብቅ ምን እናድርግ?

ጥርሴን በቀን ሁለቴ እቦርሻለሁ። ከረሜላ አልወድም። እንዲያም ሆኖ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጥርሴ ተቦረቦረ። የጥርስ ሐኪሟ ስለ ብሩሼ አልጠየቀችኝም። «ሻይ በቀን ስንቴ ነው የምትጠጣው?» አለችኝ። ስኳር ያለው ሻይ በፔርሙዝ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ፉት እላለሁ። ጉዱ እዚያ ነበር።

መጀመሪያ አፋችሁ ደረቅ መሆን አለመሆኑን እዩ። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ዳቦ ያለ ውሃ አልዋጥ ካላችሁ፣ ምላሳችሁም ላንቃችሁ ላይ ከተጣበቀ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት አስቡ። የአለርጂ፣ የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒቶች አፍ ሊያደርቁ ይችላሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ጫትም አፍ ያደርቃል፤ ድርቀቱን በለስላሳ ማራስ ደግሞ ጥርስን ሁለቴ መምታት ነው።

ቀጥሎ ለምራቃችሁ ፋታ ስጡት። እኔን ያቃተኝ ይሄ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ይሠራሉ። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርስ ሽፋን ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ ያረክሳል፣ ካልሲየምና ፎስፌት ለጥርሱ ይመልሳል። ለዚህ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። በመሃል አንዴ ፉት ካላችሁ፣ ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እኔ ይህን ሰምቼ ምን አደረግኩ? ስኳሩን በግማሽ ቀነስኩ፤ ፉት ማለቱን ግን አልተውኩም። በስድስተኛው ወር አራተኛው ጥርስ ተቦረቦረ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለውን ሻይ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ መነሳት፣ ግማሽ ማንኪያውን ቀኑን ሙሉ ከመጎንጨት ይሻላል። አሁን ሻዬን ከምግብ ጋር እጠጣለሁ፤ በመሃል ውሃ ብቻ። ቡና ሲፈላ ደግሞ ስኳር አቦሉ ላይ ብቻ አደርጋለሁ። ቶናና በረካው ባዶውን ነው። እናቴ መጀመሪያ ተቀይማኝ ነበር፤ በኋላ ለመደችው።

ከምግብ በኋላ አኝኩ፤ ማኘክ ምራቅ ያመጣል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ስኳር ያለውን አትግዙ። የወይራ መፋቂያም ምራቅ ይጠራል፤ እኔ እወደዋለሁ፤ ግን ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና አይተካም። አልኮል ያለው መጉመጥመጫ ለደረቅ አፍ ጭራሽ አይሆንም።

ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ለስላሳ ከወሰዳችሁ ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አሲዳቸው ያላላውን የጥርስ ሽፋን በብሩሽ አትፈግፍጉት።

ማታ ስንተኛ ምራቅ ሊቆም ምንም አይቀረው። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ቦርሹ። አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም።

ጥርስ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ገና ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ሐኪም ይየው። የተቦረቦረውን ግን ምራቅ አይሞላውም። እኔ አራቱንም አስሞልቻለሁ፤ አራተኛው አሁንም በረዶ ሲነካው ያዘልለኛል።