ከርነል ሲደነግጥ፦ የሊኑክስን ክራሽ እንዴት ይዞ ማንበብ ይቻላል?

ሰርቨሩ ጸጥ ያለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ፒንግ አይመልስም። ኪቦርዱ አይሰራም። ስክሪኑ ላይ ቁጥርና ፊደል ተደበላልቆ ተደርድሯል፣ ከታች «ከርነል ፓኒክ፣ ኖት ሲንኪንግ» ይላል። እንቅልፉ ገና አልለቀቀኝም፤ ብዙም ሳላስብ የፓወር ቁልፉን ተጭኜ አጠፋሁትና መልሼ አስነሳሁት። ምንም እንዳልነካው ተነሳ። ጠዋት «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉኝ የምለው ጠፋኝ። ሎጉን ከላይ እስከ ታች አየሁት። እስከ 9 ሰዓት ሁሉም ሰላም፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ እንደገና መነሳቱ። ማስረጃውን በገዛ ጣቴ አጥፍቼዋለሁ።

ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ የምላቸውን ነገሮች ነው ከዚህ በታች የምጽፈው። የማወራው ስለ ሊኑክስ ነው። ዊንዶውስም ማክም ሐሳቡ ላይ ብዙ አይርቁም።

መጀመሪያ፣ ከርነሉ ምን እያደረገ ነው?

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ሃርድዌሩንም ፕሮግራሞቹንም የሚያዘው እሱ ነው። ተራ ፕሮግራም የማይፈቀድለትን ሜሞሪ ሲነካ ከርነሉ ይገድለዋል፤ የቀረው ስራ ይቀጥላል። ከርነሉ ራሱ ሲሳሳትስ? ከሱ በላይ ዳኛ የለም። በራሱ ላይ የሚፈርደው ራሱ ነው።

ፍርዱ ሁለት ዓይነት ነው። ቀለል ያለው «ኡፕስ» ይባላል። ስህተቱ ሲፈጠር ሲሰራ የነበረውን ፕሮሰስ ይገድላል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ እንደምንም ይቀጥላል። ከባዱ ፓኒክ ነው። ስህተቱ የተፈጠረው ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ለሲፒዩው የሚልከውን አስቸኳይ ጥሪ) በማስተናገድ ላይ ሳለ ከሆነ፣ ወይም የሞተው የፕሮሰሶች ሁሉ አባት የሆነው ኢኒት ከሆነ መቀጠል የለም። ሌሎቹን ሲፒዩዎች ያስቆማል፣ መልእክቱን ያወጣል፣ እሱም ቀጥ ይላል።

«ኖት ሲንኪንግ» የምትለዋ ነገር ለረጅም ጊዜ ግራ ስታጋባኝ ኖራለች። ሜሞሪ ላይ የተጠራቀመውን ወደ ዲስክ አልጽፍም ማለቱ ነው። ምክንያት አለው። አንዴ ከተሳሳተ በኋላ በሜሞሪው ውስጥ የቱ ትክክል፣ የቱ የተበላሸ እንደሆነ አያውቅም። የተበላሸውን ዲስክ ላይ ቢያሰፍር ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። ያልተቀመጠ የአምስት ሰከንድ ዳታ መጥፋቱ ፋይል ሲስተሙ ከሚበላሽ ይሻላል። የኔ ሎግ ባዶ የሆነውም በዚሁ ነው። ሎጉን ዲስክ ላይ የሚጽፈው ተራ ፕሮግራም ነው። ፓኒክ ሲመጣ ያ ፕሮግራም የመጨረሻዎቹን መስመሮች ለመጻፍ ዕድል አያገኝም። መስመሮቹ ያሉት ራም ላይ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ፓወሩን አጠፋሁት።

ነገሩ የቆየ ነው። ማልቲክስ በሚባል የቆየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ይሰራ የነበረው ቶም ቫን ቭሌክ አንድ ጊዜ ዩኒክስን (ሊኑክስ አርአያ ያደረገውን ሲስተም) ከፈጠሩት አንዱ ለሆነው ለዴኒስ ሪቺ፣ ከሚጽፈው ኮድ ግማሹ ከስህተት ለማገገም የሚውል እንደሆነ ነገረው። ሪቺም ዩኒክስ ላይ ያን ሁሉ ትተን ፓኒክ የሚባል ሩቲን አስገባን፣ እሱ ሲጠራ ማሽኑ ይወድቃል፣ ሰው ጮሆ አስነሱት ይላል የሚል መልስ ሰጠው። ዛሬም መሰረቱ አልተለወጠም። ጮሆ የሚናገረው ሰው ነው የሌለው።

1. ሲወድቅ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ወስኑ

ከርነሉ ካልተነገረው በቀር ፓኒክ ካደረገ በኋላ ባለበት ለዘላለም ይቆማል። «ከርነል ነጥብ ፓኒክ» የሚባለው ቅንብር 0 ነውና። 10 ብታደርጉት ከ10 ሰከንድ በኋላ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። የከርነል ቅንብሮች በሚጻፉበት በሲስሲቲኤል ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ነው።

አጠገቡ ሌላ ቅንብር አለ፦ «ፓኒክ ኦን ኡፕስ»። 1 ከሆነ እያንዳንዱ ኡፕስ ወደ ፓኒክ ያድጋል። ብዙ ሰው ይፈራዋል። እኔ ደግሞ ዳታ የሚይዝ ሰርቨር ላይ ሁሌም 1 ነው የማደርገው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ኡፕስ መጣ፤ ሰርቨሩ ስራውን ስላላቋረጠ ዝም አልኩት። የተገደለው ፕሮሰስ ግን አንድ ቁልፍ (ሎክ፣ ሌሎቹን ተራ የሚያስጠብቅ) ይዞ ነበር የሞተው። ከርነሉ ውስጥ ሎክ የያዘ ሲሞት የሚፈታለት የለም። ከሰዓት በኋላ ያንን ፋይል ሲስተም የነካ ፕሮግራም ሁሉ እየደረቀ ቀረ። ፕሮግራምን በግድ የሚገድለው «ኪል ማይነስ 9» እንኳ አልገደላቸውም። ማታ ላይ ሪስታርት ላድርገው ብል እሱም እምቢ አለ። እኩለ ቀን ላይ ወድቆ ቢሆን ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። በግል ላፕቶፕ ላይ ግን 0 ይሁን። ያልተቀመጠ ስራችሁን ለማስቀመጥ ዕድል ይሰጣችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በራሱ መነሳቱ መድኃኒት አይደለም። ጥፋቱ ያለው ቡት ሲደረግ በሚጫን ድራይቨር (ከርነሉ ውስጥ ገብቶ የሚሰራ ተጨማሪ ኮድ) ውስጥ ከሆነ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሐምሌ 2016 ላይ (በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2024) ክራውድስትራይክ በተባለው የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አፕዴት ምክንያት የወደቁት የዊንዶውስ ማሽኖች፣ ማይክሮሶፍት በገመተው መሰረት 8.5 ሚሊዮን ያህል፣ ብዙዎቹ እንዲህ ሲሽከረከሩ ነው የታዩት። ከርነል ውስጥ የሚሰራ ድራይቨር ከተፈቀደለት ወሰን ውጭ ያለ ሜሞሪ አነበበ። ነገሩ ይኸው ነው።

2. ሁለተኛውን ከርነል አዘጋጁ

ዋናውም አስቸጋሪውም ይህ ነው።

የታመመ ከርነል የራሱን ሬሳ ሊመረምር አይችልም። ዲስክ ላይ ለመጻፍ ድራይቨር ያስፈልገዋል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ራሱ የተበላሸው ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ኬደምፕ ይባላል። ማሽኑ ሲነሳ ከራሙ ላይ ጥቂቱ ተቆርጦ ይቀመጣል፤ ዋናው ከርነል እዚያ ድርሽ አይልም። በዚያ ቦታ ሁለተኛ ትንሽ ከርነል ተጭኖ ይተኛል። ዋናው ሲደነግጥ ባዮስን ሳይነካ፣ ፓወር ሳይቋረጥ፣ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ይዘላል። ራሙ አልተነካም ማለት ነው። ሁለተኛው ከርነል ንጹሕ ቦታ ላይ ቆሞ የሟቹን ሜሞሪ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ያየዋል፣ የሚጠቅመውን ለይቶ ጨምቆ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ማሽኑን ሪስታርት ያደርጋል። ዳምፕ የሚባለውን ይህን ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ቫር ስር ባለው ክራሽ ፎልደር፣ የወደቀበት ቀንና ሰዓት በተጻፈበት ማውጫ ውስጥ ነው።

ማዋቀሩ ቀላል ነው። የኬደምፕን ፓኬጅ ጫኑ፣ ቡት ማድረጊያው መስመር ላይ «ክራሽከርነል» የሚለውን ተቆርጦ ከሚቀመጠው ራም መጠን ጋር ጨምሩ፣ ሪስታርት አድርጉ።

ጣጣው መጠኑ ላይ ነው። እኔ አንድ ያረጀ መመሪያ ላይ 128 ሜጋባይት የሚል አየሁና እሱኑ ጻፍኩ። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሞከርኩት፣ እንደ ሰዓት ሰራ። ደስ ብሎኝ ትክክለኛው ሰርቨር ላይ ያለ ሙከራ አስገባሁት። ከሁለት ወር በኋላ ሰርቨሩ ወደቀ። በኩራት ፎልደሩን ከፈትኩ። ባዶ! ቨርቹዋል ማሽኑ አንድ ዲስክና አንድ ኔትወርክ ካርድ ነበረው፤ ትክክለኛው ማሽን ግን ስንት የዲስክ መቆጣጠሪያ፣ ስንት ኔትወርክ ካርድ። ሁለተኛው ከርነል የሁሉንም ድራይቨር ለመጫን ሲሞክር 128 ሜጋባይቱ አለቀበት፣ እሱም በሜሞሪ እጥረት ሞተ። ሟቹን ሊመረምር የመጣው ሐኪም በሩ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ከ256 ሜጋባይት ጀምሩ፤ ትልቅ ማሽን ከሆነ 512 አድርጉት። ራም ባከነ ብላችሁ አትሰስቱ። ዲስካችሁ ኢንክሪፕት የተደረገ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ሁለተኛው ከርነል ዲስኩን ለመክፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ማንም አይመልስለትም። እንዲህ ያለው ማሽን ዳምፑን በኔትወርክ (በኤስኤስኤች) ወደ ሌላ ማሽን እንዲልክ አድርጉት።

ሲስ ስር ባለው ከርነል ፎልደር ውስጥ «ኬክሴክ ክራሽ ሎድድ» የሚል ፋይል አለ። 1 ካለ ሁለተኛው ከርነል ተጭኗል። ተጭኗል ማለት ግን ይሰራል ማለት አይደለም። የኔም 1 ይል ነበር።

3. ሆን ብላችሁ ጣሉት

ይህን የሚዘለው ሰው ብዛቱ! ከወደቀ በኋላ ኬደምፕ ማዘጋጀት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አዘጋጅቶ አለመሞከርም ከዚያ ብዙ አይሻልም።

ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት፣ የሚቆመውን አገልግሎት አቁማችሁ፣ «ሲንክ» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡና ፕሮክ ስር ወዳለው «ሲስአርኪው ትሪገር» ፋይል ትንሿን የእንግሊዝኛ «ሲ» ፊደል ጻፉ። ማሽኑ እዚያው ይወድቃል። ጥያቄ የለም፣ «እርግጠኛ ነህ?» የለም። የትኛው ማሽን ላይ እንደገባችሁ ሁለት ጊዜ እዩ። ሲነሳ ፎልደሩ ውስጥ ፋይል ካገኛችሁ ጨርሳችኋል። ካጣችሁ መጠኑን ጨምሩና ድገሙት።

ኬደምፕ የማይሆንበት ቦታም አለ። ያኔ ኔትኮንሶል የከርነሉን መልእክት በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ይልካል። ፒስቶር ደግሞ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ፓወር ቢጠፋም በማይጠፋ የማዘርቦርዱ ማከማቻ ያስቀምጣል። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ስልካችሁን አውጥታችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። አትሳቁ፣ ብዙ ጊዜ ያዳነኝ እሱ ነው። ሊኑክስ 6.12 ላይ እንዲያውም የፓኒኩን መልእክት በኪውአር ኮድ ስክሪን ላይ ማውጣት ተጀምሯል።

4. ከላይ ወደ ታች አንብቡ

ሁሉም ሰው ዓይኑ የሚያርፈው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። እሱ የሞት ማስታወቂያ ነው። ምክንያቱ ያለው ከላይ፣ የመጀመሪያው ኡፕስ ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ያመጣቸው መዘዞች ናቸው። አንድ ጊዜ አራተኛውን ኡፕስ ይዤ ሁለት ቀን ስባዝን ከርሜአለሁ።

እንዲህ የሚል መስመር አገኛችሁ እንበል፦ «ባግ፦ ከርነል ነል ፖይንተር ዲሪፈረንስ፣ አድራሻ 0000000000000008»። ከርነሉ ወደ የትም የማያመለክት ባዶ ጠቋሚ ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ግን አድራሻው ለምን 0 አልሆነም? ኮዱ የፈለገው የአንድ መዋቅር መጀመሪያን ሳይሆን በውስጡ 8 ባይት ገባ ብሎ ያለን ቦታ ስለሆነ ነው። መዋቅሩ ራሱ አልነበረም፤ 0 ሲደመር 8። ይህች ቁጥር ለፕሮግራመሩ የትኛውን መስክ ሲፈልግ እንደነበር ትጠቁማለች።

ቀጥሎ «አርአይፒ» የሚለውን ፈልጉ። ስህተቱ የደረሰበት ፈንክሽን ስም፣ በፈንክሽኑ ውስጥ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደነበር፣ ሞጁል (ከርነሉ ላይ ተጨማሪ የሚጫን ኮድ፣ ለምሳሌ ድራይቨር) ከሆነም የሞጁሉ ስም በ[ ] ቅንፍ ውስጥ አለ። ከውጭ ያመጣችሁት ድራይቨር ስም እዚያ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። መጠርጠር ግን መፍረድ አይደለም። አንዱ ያበላሸውን ሜሞሪ ሌላው ረግጦ ሊወድቅበት ይችላል።

«ቴይንትድ» የሚለው መስመር ላይ ፊደላት አሉ። «ፒ» የተዘጋ ኮድ ያለው ሞጁል ተጭኗል፣ «ኦ» ከከርነሉ ምንጭ ውጭ የተሰራ ሞጁል አለ፣ «ኤም» ሃርድዌሩ ራሱ ስህተት ሪፖርት አድርጓል፣ «ዲ» ከዚህ በፊት ኡፕስ ነበር። «ዲ» ካያችሁ የያዛችሁት የመጀመሪያው አይደለም። ወደ ላይ ተመለሱ።

«ኮል ትሬስ» ማን ማንን እንደጠራ ያሳያል፤ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ፊቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበትን መስመር አትመኑት። ስታኩ (የፈንክሽን ጥሪዎች የሚመዘገቡበት ሜሞሪ) ላይ የተገኘ ትራፊ ሊሆን ይችላል።

ሙሉውን ዳምፕ መክፈት ከፈለጋችሁ «ክራሽ» የሚባል መሳሪያ አለ። የዲበግ መረጃ ያለው የከርነል ፋይል ይፈልጋል፣ እሱም ከወደቀው ከርነል ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እውነቱን ለመናገር ከአስር ዘጠኙን ጊዜ ከዳምፑ ጋር አብሮ የሚቀመጠው የጽሑፍ ሎግ ይበቃኛል።

5. ባግ ያልሆኑትን ለዩ

«አነብል ቱ ማውንት ሩት» የሚለው ፓኒክ ብዙውን ጊዜ የከርነል ጥፋት አይደለም። የዲስኩ ድራይቨር በኢኒትራምኤፍኤስ (ቡት ሲደረግ መጀመሪያ በሚጫነው ትንሽ ፋይል ሲስተም) ውስጥ የለም ወይም የተሰጠው የዲስክ ስም ተሳስቷል። ከአፕዴት በኋላ ከመጣ በአሮጌው ከርነል ቡት አድርጉና ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና ስሩ። «ማሽን ቼክ» የሚል ካያችሁ ሃርድዌሩን መርምሩ። በየጊዜው የተለያየ ቦታ የሚወድቅ ማሽን ደግሞ ራሙን አንድ ሌሊት በሜምቴስት ፈትሹት።

ባጉ የእውነት ከሆነና ለሰሪዎቹ የምትልኩት ከሆነ የመጀመሪያውን ኡፕስ ከነሙሉ መስመሮቹ፣ የከርነሉን ቨርዥንና ከመውደቁ በፊት የተቀየረውን ነገር ጻፉ። ዳምፑን ግን እንዳለ አትላኩ። የከርነሉ ሜሞሪ ነው፤ የኢንክሪፕሽን ቁልፍም የሰዎች ዳታም ውስጡ ሊኖር ይችላል። የጽሑፍ ሎጉን ብቻ ላኩ፣ እሱንም ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት።