አጽሙ የት ነው? አርትሮፖዶችንና ኤካይኖደርሞችን በአካል አይቶ የማጥናት መመሪያ

አከርካሪ አልባ እንስሳትን ማጥናት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ እግር ቆጠራ ይቸኩላል። ቆጠራው ጠቃሚ ቢሆንም ሁለተኛ ሥራ ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የእንስሳው አጽም የት እንዳለና እንስሳው ሲያድግ አጽሙ ምን እንደሚሆን ነው፤ የአርትሮፖዶችና የኤካይኖደርሞች አተነፋፈስ፣ አረማመድና አስተዳደግ በአብዛኛው ከዚህ ጥያቄ መልስ ይመነጫልና። ነፍሳትን፣ ሸረሪቶችን፣ ሸርጣኖችንና መቶ እግሮችን የሚያቅፉት አርትሮፖዶች አጽማቸው ከውጭ ነው። የባሕር ኮከብ፣ የባሕር ጃርትና የባሕር ኪያር የሚገኙባቸው ኤካይኖደርሞች ግን የሚዳሰሰው ጠንካራ አካላቸው በስስ ሕያው ቆዳ የተሸፈነ ውስጣዊ አጽም ነው።

ለሥራው 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር፣ ነጭ ወረቀት፣ ክዳኑ የተበሳሳ ግልጽ ብልቃጥ፣ ጥቂት አቼቶ፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ። ጊንጥን፣ መቶ እግርንና የማያውቁትን ሸረሪት በባዶ እጅ አይንኩ፤ እሾሁ የረዘመ የባሕር ጃርትንም እንዲሁ፤ የአንዳንዶቹ እሾህ መርዛማ ከመሆኑም በላይ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

የመጀመሪያው ፈተና የአጽሙን ቁስ መለየት ነው። ከሞተ ጥንዚዛ ጠንካራውን የፊት ክንፍ፣ ከተሰበረ የባሕር ጃርት ቅርፊት አንድ ስባሪ፣ እንዲሁም ከሸርጣን ቅርፊት አንድ ስባሪ ወስደው በወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡና በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ጠብታ አቼቶ ያድርጉ። ክንፉ የተሠራው ካይቲን ከተባለ ረጅም የስኳር ሰንሰለትና ከፕሮቲን ስለሆነ አረፋ አያወጣም። የባሕር ጃርቱ ስባሪ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ በመነጽሩም ጥቃቅን አረፋዎች ተከታትለው ሲወጡ ይታያሉ። የሸርጣኑም ስባሪ አረፋ ያወጣል፤ ጀማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ አረፋውን ብቻ አይተው ሸርጣንን ከባሕር ጃርት ጋር ይመድቡታል። ስሕተቱን ለማረም ሁለቱን ስባሪዎች በየራሳቸው ዕቃ ውስጥ በብዙ አቼቶ ዘፍዝፈው፣ አቼቶውን እየቀየሩ ለጥቂት ቀናት ይተዉአቸው። የባሕር ጃርቱ ስባሪ ከሞላ ጎደል ሟሙቶ ሲጠፋ ከሸርጣኑ ግን እንደ ስስ ቆዳ የሚተጣጠፍ ካይቲን ይቀራል። ሸርጣን ካይቲኑን በማዕድን ያጠነከረ አርትሮፖድ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ቀላል ሙከራ አላውቅም።

ውጫዊ አጽም አንድ ከባድ ዕዳ አለው፤ ከእንስሳው ጋር አያድግም። ስለዚህ አርትሮፖድ በየጊዜው አሮጌውን አጽም እንደ ልብስ ገፎ መጣል ግድ ይሆንበታል። ፌንጣ ገፎ ጥሎት የሄደውን ልብስ ካገኙ እንደ ውድ ዕቃ ይያዙት። ጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀውን መውጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን የዓይን ሽፋን፣ እስከ ጥፍር ጫፍ የተሟሉትን እግሮች ይመልከቱ። ከዚያም በስንጥቁ ወደ ውስጥ ሲያዩ ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች ተንጠልጥለው ያገኛሉ። እነዚህ ክሮች የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ውስጣዊ ሽፋን ናቸው፤ ነፍሳት ልብሳቸውን ሲጥሉ የአየር መንገዳቸውንም ሽፋን አብረው ይጥላሉ። ገና ልብሱን የጣለን እንስሳ ግን አይንኩ፤ አዲሱ አጽም እስኪጠነክር ድረስ አካሉ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል።

ስለ አየር መንገዱ ይበልጥ ለማወቅ ሕያው ፌንጣ ብልቃጡ ውስጥ አድርገው እስኪረጋጋ ይጠብቁ። ሆዱ በዝግታ ሲነፋና ሲኮማተር ይታያል። በጎኑ በኩል በየአንጓው ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው በሮች ናቸው፤ ፌንጣ 2 ጥንድ በደረቱ፣ 8 ጥንድ በሆዱ፣ በድምሩ 10 ጥንድ አለው። ከቀዳዳዎቹ የሚነሡት ቱቦዎች እየተከፋፈሉ ኦክስጅንን በቀጥታ እስከ ሕዋሳት ስለሚያደርሱ የፌንጣ ደም ይህን ሥራ አይሠራም፤ ቀይ ያልሆነውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው የሆድ አንጓ ጎን ላይ የተወጠረች ክብ ስስ ሽፋን ካዩ ያቺ የፌንጣው ጆሮ ናት። ምልከታዎን ሲጨርሱ ፌንጣውን ከያዙበት ቦታ ይልቀቁት።

አሁን እግር መቁጠር ይቻላል። 3 ጥንድ እግርና 1 ጥንድ አንቴና (ከራስ ላይ የሚወጣ መዳሰሻ) ያለው፣ አካሉም በራስ፣ በደረትና በሆድ የተከፈለው ነፍሳት ነው። 4 ጥንድ እግር ኖሮት አንቴና የሌለው ከሸረሪት፣ ከጊንጥና ከመዥገር ወገን ነው። 2 ጥንድ አንቴና ያለው ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ወገን ሲሆን፣ በረጅም አካሉ ላይ በየአንጓው 1 ጥንድ እግር ያለው መቶ እግር፣ በአብዛኞቹ አንጓዎች 2 ጥንድ ያለው ደግሞ ሺ እግር ነው። ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ። ከዕንቁላል የወጣ የመዥገር እጭ 3 ጥንድ እግር ብቻ ስላለው ነፍሳት ይመስላል፤ አንቴና እንደሌለው ሲያዩ ጥርጣሬው ይጠፋል። የቢራቢሮ እጭ ደግሞ ብዙ እግር ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን እውነተኛዎቹ ከራሱ ቀጥሎ ያሉት አንጓ ያላቸው 3 ጥንዶች ናቸው፤ ከኋላ ያሉት አንጓ የሌላቸው ሥጋማ ድጋፎች ናቸው።

ኤካይኖደርሞች በሙሉ የባሕር እንስሳት ናቸው፤ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች ወደ 7,000 ይጠጋሉ። ጥናቱን እሾሁ ከረገፈ ደረቅ የባሕር ጃርት ቅርፊት መጀመር ይሻላል። ቅርፊቱን ወደ ብርሃን አቅንተው በታችኛው ትልቅ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ፣ ብርሃን የሚያፈስሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች በ5 መስመር ተደርድረው ይታያሉ። እንስሳው በሕይወት ሳለ የቱቦ እግሮቹ፣ ማለትም በውኃ ግፊት የሚረዝሙት እግሮቹ፣ ከውስጣዊው የውኃ ቧንቧ ጋር የሚገናኙት በእነዚህ ቀዳዳዎች ነበር። ቅርፊቱ የተገጣጠሙ ሰሌዳዎች ስብስብ ነው። ሕያው ቆዳ ስለሚሸፍናቸው ሰሌዳዎቹ በዳር በዳራቸው ማዕድን እየጨመሩ ያድጋሉ፤ ከላይኛው ጫፍ አካባቢም አዳዲሶች ይጨመራሉ። ሸርጣን ልብሱን ሲጥል የባሕር ጃርት የማይጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕያው የባሕር ኮከብ ካገኙ ከራሱ ባሕር በተቀዳ ውኃ በተሞላ ዝርግ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያቆዩት። ጨው የሌለበት ውኃ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ እነዚህ እንስሳት በአካላቸው ውስጥ ያለውን ጨው መቆጣጠር ስለማይችሉ ይሞቱበታል፤ በወንዝና በሐይቅ የማይገኙትም ስለዚሁ ነው። ከላይ በኩል፣ ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ብላ፣ ከሌላው አካል የተለየች ክብ ሻካራ ነጥብ አለች፤ የውኃው ቧንቧ ሥርዓት ከውጭ ጋር የሚገናኝባት ወንፊት ናት። ቀስ አድርገው በጀርባው ሲያስተኙት በእያንዳንዱ ክንድ ሥር ያለው ቦይና ከቦዩ የሚወጡት በመቶዎች የሚቆጠሩ የቱቦ እግሮች ይገለጣሉ። እያንዳንዱ እግር ከውስጥ በኩል እንደ ፊኛ ያለ ከረጢት አለው፤ ከረጢቱ ሲጨመቅ ውኃው ወደ እግሩ ገፍቶ ያስረዝመዋል፣ የእግሩ ጡንቻ ሲኮማተር ደግሞ ውኃው ይመለሳል። ጥቂት ከታገሡ አንዱ ክንድ ጫፉን አጥፎ ወለሉን ሲይዝ፣ ሌሎቹም ሲከተሉት፣ እንስሳውም አንጎል ሳይኖረው በነርቭ ቀለበትና በየክንዱ በተዘረጋ ነርቭ ብቻ ራሱን ሲገለብጥ ያያሉ። ድንጋይ ላይ የተጣበቀን የባሕር ኮከብ ግን ጎትተው አይንቀሉ፤ እግሮቹ ድንጋዩ ላይ ተበጥሰው ይቀራሉ።

የኤካይኖደርሞች አካል በ5 ክፍል የመደራጀቱ ሕግ ሁልጊዜ ወዲያው አይታይም። የባሕር ኪያር ትል ይመስላል፤ በብዙዎቹ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጉ 5 የቱቦ እግር መስመሮች ይገኛሉ፤ አጽሙም በቆዳው ውስጥ ወደ ተበተኑ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ ወደሚታዩ ቅንጣቶች አንሷል። የኤካይኖደርሞች እጮች ደግሞ እንደ እኛ ቀኝና ግራ ያላቸው ናቸው። በፅንስ እድገት መጀመሪያ የሚከፈተው ቀዳዳም በኤካይኖደርሞችም በእኛም ፊንጢጣ ወይም የፊንጢጣ አካባቢ ስለሚሆን፣ የባሕር ኮከብ ከፌንጣ ይልቅ ለሰው ቅርብ ዘመድ ነው።

ያዩትን ሁሉ እዚያው እንስሳው ፊት ለፊት ሳሉ ይሳሉ፤ በኋላ ከትዝታ የሚሣል ሥዕል መጽሐፍ ላይ የታየውን ይመስላልና። የባሕር ኮከብን ከላይና ከሥር ለይተው ይሣሉ፤ የወንፊቷን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ የክንዶቹንም ርዝመት አንድ በአንድ ይለኩ። ከሌሎቹ በጣም ያጠረ ክንድ ካለ ተቆርጦ እንደገና እያደገ ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ ርዝመቱን ከቀኑ ጋር መዝግበው እንስሳውን ወዳገኙበት ድንጋይ ይመልሱት።