የባሕር ላይ ሥጋትን የሚለይ የካሜራ ሥርዓት ከድሬዳዋ ሆኖ እንዴት ይዘጋጃል?

ወደ ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ የሚገባው ኮንቴይነር አብዛኛው ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት በባብ ኤል ማንደብ ወይም በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፏል። ከተማዋን ራሷን የቆረቆራት እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ስለሆነ፣ የባሕር ደኅንነት ለድሬ ሰው ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ባሕር የሚጠብቀው ካሜራ እዚያው ባሕሩ ዳር ወይም መርከቡ ላይ መተከል ቢኖርበትም፣ ምስሉን የሚመረምረው ሶፍትዌር ግን እዚሁ ሊሠራ ይችላል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ፓይተን ለሚያውቁና በምስል ማቀናበር ጥቂት ልምድ ላላቸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ሥጋት» የሚባለው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍሩ። ይህን ዘልሎ ጀልባ የሚለይ ሞዴል ወደ ማሠልጠን የሚገባ ሰው፣ ዓሣ አጥማጁን ሁሉ በጠላትነት የሚፈርጅ ሥርዓት ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2000 በኤደን ወደብ ነዳጅ በመቅዳት ላይ የነበረችውን ዩኤስኤስ ኮል የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ የመታት፣ ፈንጂ ጭና የተጠጋች ትንሽ ጀልባ ነበረች፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። ሊምበርግ የተባለው የፈረንሳይ ነዳጅ ጫኝ መርከብም በ2002 በየመን ባሕር ዳርቻ በተመሳሳይ ዘዴ ተመቷል። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎችም መርከብ የሚያሳድዱት በፈጣን ትንንሽ ጀልባዎች ነው። እንዲህ ያለችው ጀልባ በመልኳ ከሌላው አትለይም፤ የሚለያት አካሄዷ ነው። ስለዚህ ሕጉ በአቅጣጫ፣ በፍጥነት፣ በርቀትና በቆይታ ይጻፍ። ለምሳሌ «አቅጣጫዋን ሳትቀይር ወደ እኛ በፍጥነት እየቀረበች ያለች ጀልባ» የሚል።

ካሜራው ራዳርን የሚያግዘውም እዚህ ላይ ነው። የመርከብን ማንነትና ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቀው ኤአይኤስ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የግዴታ የሚሆነው 300 ግሮስ ቶን እና ከዚያ በላይ ለሆኑ መርከቦች ነው፤ የእንጨት ወይም የፋይበርግላስ ጀልባ ደግሞ የራዳር ምላሿ ደካማ ነው።

ቀጥሎ የሌንስ ስሌት ይምጣ፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ሰጥተው ይሥሩት። በአግድም 1920 ፒክስል ያለው ካሜራ 60 ዲግሪ የሚያሳይ ሌንስ ቢገጠምለት፣ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚሸፍነው ስፋት 2300 ሜትር ያህል ነው። 8 ሜትር የምትረዝም ጀልባ ጎኗን ሰጥታ ብታልፍ 7 ፒክስል ገደማ ብቻ ትይዛለች፤ ይህንን ደግሞ ከማዕበል አረፋ ለይቶ የሚያውቅ ሞዴል የለም ማለት ይቻላል። 10 ዲግሪ በሚያሳይ ሌንስ ያው ጀልባ 44 ፒክስል ገደማ ትሆናለች። ይሁን እንጂ አጥቂ ጀልባ ጎኗን አትሰጥም፤ ፊት ለፊት ነው የምትመጣው። ወርዷ 2 ሜትር ከሆነ በጠባቡ ሌንስ እንኳ 11 ፒክስል ብቻ ትሆናለች። ስሌቱን ሁልጊዜ በዚህ በአስቸጋሪው ሁኔታ ይሥሩ፤ ሰፊ ሽፋን ካስፈለገም በአንድ ሰፊ ሌንስ ፋንታ ጎን ለጎን የተደረደሩ በርካታ ጠባብ ሌንሶችን ይምረጡ።

የካሜራው ከፍታም ይቆጠራል። ከባሕር ወለል 10 ሜትር ከፍ ካለ ካሜራ አድማሱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በ20 ሜትር ከፍታ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በውኃው ላይ የሚያብረቀርቀውን ፀሐይ ለመቀነስ ፖላራይዝድ ማጣሪያ ይግጠሙ፤ መስተዋቱን የሚያለብሰውን ጨው ማን በየስንት ጊዜው እንደሚያጥበውም አስቀድመው ይወስኑ። ለሌሊት የሙቀት ካሜራ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ንጋትና ምሽት ላይ የጀልባዋና የውኃው ሙቀት ሲቀራረብ እርሱም ይደናገራል።

ወደ ሶፍትዌሩ ሲገቡ፣ ለመንገድና ለግቢ ካሜራ የሚያገለግለውን «የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ያዝ» የሚል ዘዴ ይተዉት፤ ባሕር ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር የለምና። በቅድሚያ የምስሉን መናወጥ ያረጋጉ፤ ከዚያ የአድማሱን መስመር ፈልገው ሰማዩን ከፍለጋው ያውጡ። ቀጥሎ በምስል ውስጥ ያሉ ነገሮችን ፈልጎ የሚለይ የዮሎ ዓይነት ሞዴል ያሠልጥኑ። በኮኮ የምስል ስብስብ ውስጥ ከሚገኙት 80 ምድቦች አንዱ ጀልባ ቢሆንም፣ በአብዛኛው ከቅርብ የተነሡ ምስሎች ስለሆኑ ለሩቋ ጀልባ ብቻቸውን አይበቁም፤ የሲንጋፖርን የባሕር ቪዲዮ ስብስብ የመሰለ ምንጭ ይጨምሩበት። ቪዲዮውን ለሥልጠናና ለፈተና ሲከፍሉ፣ የአንድ ቪዲዮ ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) በሁለቱም ወገን እንዳይገቡ ይጠንቀቁ፤ ከገቡ ሞዴሉ ፈተናውን የሚያልፈው በሽምደዳ ነው።

የሩቅ ነገርን ምስል የሚያናውጠውን የባሕሩን የሙቀት ወላፈን ለመለማመድ ድሬዳዋ ጥሩ ቦታ ናት። በቀትር ከደቻቱ ዳር ሆነው፣ በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ከሩቅ የሚሻገሩ ሰዎችን በጠባብ ሌንስ ይቅረጹ። የሰዎቹ እግር ከአሸዋው ተነቅሎ ሲንሳፈፍ፣ ጠርዛቸውም ሲቀልጥና ሲገጥም ያያሉ። በዚህ ምስል ላይ ሞዴሉ በአንዱ ፍሬም ያገኘውን በሚቀጥለው ያጣዋል።

መፍትሔው መከታተል ነው። የነገሩን ቀጣይ ቦታ የሚገምተውን፣ ካልማን የተባለውን የስሌት ማጣሪያ ተጠቅመው እያንዳንዱን ግኝት ከቀደመው ጋር ያያይዙ፤ ማንቂያ የሚጮኸውም ከተከታታይ ፍሬሞች በአብዛኞቹ የታየ ነገር ሲገኝ ብቻ ይሁን። ማዕበል ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ጀልባ ግን ትቆያለች። ለማረጋገጥ ያለዎት ጊዜ ውስን መሆኑንም አይርሱ፤ በ25 ኖት (በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ) የምትከንፍ ጀልባ 2 ኪሎ ሜትሩን በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ትጨርሰዋለች። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ሰከንድ ለማሽኑ ቢወስዱ ለጠባቂው የሚቀረው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ውጤቱንም በትክክለኛነት መቶኛ ሳይሆን በአንድ ፈረቃ ስንት የሐሰት ማንቂያ ጮኸ በሚለው ይለኩት፤ ብዙ ጊዜ በከንቱ የተጠራ ጠባቂ ድምፁን ማጥፋቱ አይቀርም።

ጅቡቲ ላይ ካሜራ መትከል የሚቻለው በአገሩ ባለሥልጣናት ፈቃድ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ የምሥራቁ ሰው በደንብ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ በኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩት ጀልባዎች የአገራችንን ወጣቶች የጫኑ ናቸው። በኤፕሪል 2024 ከየመን ሲመለሱ በጅቡቲ ዳርቻ በሰጠሙ ሁለት ጀልባዎች በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ማሽኑ ሰው የሞላባትን ዝቅ ብላ የምትንሳፈፍ ጀልባ ሲያይ «ሥጋት» ከማለት በቀር ምርጫ ከሌለው ሥርዓቱ ጎድሎታል። ስለዚህ በጠባቂው መስኮት ላይ ከምስሉ፣ ከአቅጣጫው፣ ከርቀቱና ከሰዓቱ ጎን «ሥጋት»፣ «ሐሰት» እና «እርዳታ ፈላጊ» የሚሉ ሦስት ቁልፎችን ያኑሩ፤ ሦስተኛው በቀጥታ ከባሕር ነፍስ አድን ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ ይሁን።