ሶላር ስታስገቡ ብር የሚያስበሉ ስህተቶች

"ስንት ዋት ልግዛ?" ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይኼ ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የት ሄጄ ሶላር ብገጥም የምሰማው ያንኑ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ገዝቶ ጨርሶ ነው የሚጠራኝ። ፓኔሉ ግድግዳ ተደግፏል፣ ባትሪው ከነላስቲኩ ተቀምጧል። "በል እንግዲህ ግጠምልኝ" ይለኛል። ያኔ ምን ይባላል? ብሩ ወጥቷል።

ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሶላር ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የብር ቁጥር አልጽፍም። ዋጋውን እናንተ ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ ገንዘቡ በየት በየት በኩል እንደሚያፈስ ነው።

ሳይቆጥሩ ገበያ መውጣት

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። መጀመሪያ ማታ ማታ ቤታችሁ ምን እንደሚበራ ቁጠሩ። ባለ 5 ዋት አራት አምፖል ለ5 ሰዓት ቢበራ 100 ዋት አወር (ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ የሚመጣው) ነው። 30 ዋት የሚበላ ትንሽ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 120። ሪሲቨሩ 40 ገደማ። ሦስት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ 45። ድምሩ 305 ዋት አወር ይሆናል።

በበጋ እኛ አገር ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበቷን ትሰጣለች። በሙቀት፣ በሽቦና በባትሪ የሚባክነውን ቀንሳችሁ፣ አንድ ዋት ፓኔል በቀን 3 ተኩል ዋት አወር ያስገባል ብላችሁ ያዙ። 305ን ለ3.5 ስታካፍሉ 87 ይመጣል። ስለዚህ ባለ 100 ዋት ፓኔል በጋውን ይችላል። ክረምቱንም ካሰባችሁ 150 ወይም 200 ግዙ። ለዚህ ቤት 600 ዋት የሚሸጥላችሁ ሰው የሚያስበው ለራሱ ቤት ነው።

ፍሪጅ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ትንሹ ፍሪጅ እንኳ በቀን ወደ 1000 ዋት አወር ይበላል። ለእሱ ብቻ 300 ዋት ገደማ ፓኔል ያስፈልጋል ማለት ነው። ሲነሣ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ የባትሪውን ጉልበት ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተር ያንን መሸከም አለበት።

ስለ ምጣድ አትጠይቁኝ። እሺ፣ ስለምትጠይቁኝ ልናገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ይበላል። ሁለት ሰዓት እንጀራ ከተጋገረበት 7 ሺህ ዋት አወር ሄደ። ከላይ የቆጠርነው ቤት በሦስት ሳምንት የሚጠቀመው ይኼን ያህል ነው። "ይኼ ሶላር ምጣድም ያነሣል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላውንም የሚናገረውን አትመኑት።

ተለጣፊውን ማመን

እዚህ ላይ ትንሽ ልበሳጭ። ፓኔል ላይ የተለጠፈ ወረቀት ወረቀት ነው። ማተሚያ ቤት ያለው ሁሉ 300 ብሎ ማተም ይችላል። 400ም ይችላል። ገበያ ላይ የማየው ግማሹ ጉድ ይኼ ነው። ሰው ግን ያቺን ቁጥር አንብቦ "ርካሽ አገኘሁ" ብሎ ተሸክሞ ይገባል።

የፀሐይ ጉልበት እኮ ልክ አለው። ቀጥ ብላ ስትወጣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የምታሳርፈው 1000 ዋት ገደማ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ደህና የሚባሉ ፓኔሎች ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት 20፣ ቢበዛ 22 በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ፓኔል ከ200 እስከ 220 ዋት ነው የሚሰጠው። ከዚያ በላይ ከየት ያመጣል? እውነተኛው ባለ 550 ዋት ፓኔል ቁመቱ 2 ሜትር ከ27 ሳንቲም፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ13 አካባቢ ነው። ክብደቱም ወደ 28 ኪሎ ስለሚደርስ ለሁለት ነው የሚነሣው። አንድ ሰው በብብቱ ይዞት የሚሄደው "500 ዋት" የለም።

ቢቸና አካባቢ አንድ ትልቅ ሰው ጤፋቸውን ሸጠው "400 ዋት" ገዝተው ጠሩኝ። ማታ ቴሌቪዥኑ በሁለት ሰዓት ይጠፋባቸዋል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ2 ሳንቲም፣ ወርዱ 67 ሳንቲም። ካሬው 0.68 ነው። በምንም ተአምር ከ150 ዋት አያልፍም። ገልብጬ ጀርባውን አሳየኋቸው። ፊት ለፊት 400 ይላል። ከኋላው ባለው ሠንጠረዥ ግን ፓኔሉ በሥራ ላይ የሚሰጠው ቮልት 18፣ አምፔሩ 6.7 ተብሎ ተጽፏል። 18 በ6.7 ሲባዛ 120 ገደማ ነው። አጭበርባሪው የኋላውን ማስተካከል እንኳ አልፈለገም።

"አያ፣ ይኼ 120 ነው" አልኳቸው።

"የቀረውስ የት ሄደ ወንድምዓለም?" አሉኝ።

ሿሿ ተሠርተዋል። የከፈሉት ለ400 ነው። የሸጠላቸው ሰው ጋ ደግሞ ደረሰኝ ስላልነበራቸው መመለስ አልተቻለም።

እንግዲህ ገበያ ስትወጡ ሜትር ያዙ። ቁመቱን በወርዱ አባዙ፣ ያንን በ210 አባዙ። ከኋላው ያለውን ቮልትና አምፔርም አባዙ። ሁለቱ ካልተቀራረቡ ጥላችሁ ሂዱ። ከተቀራረቡ ዋጋውን ለእውነተኛው ዋት አካፍሉት። ሱቅ ከሱቅ የምታወዳድሩት የአንዱን ዋት ዋጋ ነው። "ይኼ ትልቅ ነው፣ ያ ትንሽ ነው" እያላችሁ አትከራከሩ።

ኮንትሮለሩን መናቅ

ብዙ ሰው ፓኔልና ባትሪ ላይ ተከራክሮ ሲጨርስ ኮንትሮለሩን "ያችን ትንሿን ጨምርልኝ" ይላል። ያቺ ትንሿ ናት የምትበላችሁ።

ኮንትሮለር ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ጉልበት የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው፤ ሁለት ዓይነት አለው። ርካሹ ፒ.ደብሊው.ኤም ይባላል። የፓኔሉን ቮልት ጎትቶ ባትሪው ቮልት ላይ ያሳርፈዋል፤ የተረፈው ይባክናል። ውዱ ኤም.ፒ.ፒ.ቲ ነው። እሱ ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ለባለ 12 ቮልት ባትሪ ተብሎ የተሠራ ባለ 100 ዋት ፓኔል ከሆነ ርካሹ ይበቃችኋል፤ ኤም.ፒ.ፒ.ቲ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ጉዱ ያለው ትልልቁ ፓኔል ላይ ነው።

ፍኖተ ሰላም አንዲት ለስላሳ የምትሸጥ እህት ባለ 550 ዋት ፓኔል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር በርካሹ ኮንትሮለር ተገጥሞላት አገኘሁ። ፓኔሉ እውነተኛ ነው፣ ለክቻለሁ። በሥራ ላይ 42 ቮልት፣ 13 አምፔር ይሰጣል። በዚያ ኮንትሮለር ግን አምፔሩ 13 እንደሆነ ይቀራል፣ ቮልቱ ወደ ባትሪው 13 ይወርዳል። 13 በ13፣ 169። 550 ከፍላ የምታገኘው 169 ዋት ነበር። ፍሪጇ ማታ እየጠፋ ስታማርር የሸጠላት ሰው ምን መከራት? "ሁለተኛ ፓኔል ጨምሪ!" ልትጨምር ስትል ነው የደረስኩት። ኮንትሮለሩን 40 አምፔር በሚችል ኤም.ፒ.ፒ.ቲ ቀየርን፣ ፓኔል አልተጨመረም።

ሌላም አለ። የ550ው ፓኔል ምንም ሳይጫንበት ቮልቱ 50 ይደርሳል። በብርድ ደግሞ ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ በታኅሣሥ ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል 52፣ 53 ሊነካ ይችላል። እስከ 50 ቮልት ብቻ የሚችል ኮንትሮለር ያኔ ይቃጠላል። ከዚያ "ዕቃው ብልሽት ነበረበት" እየተባለ ሌላ ይገዛል።

"ኤም.ፒ.ፒ.ቲ" ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ኤም.ፒ.ፒ.ቲ አይደለም። እውነተኛው ውስጡ የመዳብ ጥቅልል፣ ጀርባው ላይ ወፍራም አሉሚኒየም ስላለው ይከብዳል። እንደ ባዶ የላስቲክ ሣጥን ከቀለላችሁ መልሱት።

ባትሪ

ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር አወር ጄል ባትሪ ወደ 1200 ዋት አወር ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ 600። ሊትየም ከሆነ 80 በመቶውን እስከ መጠቀም ትችላላችሁ። ስለዚህ የሊትየሙ ዋጋ የጄሉ እጥፍ ቢመስል አትደንግጡ። ጄሉ በሁለት ሦስት ዓመት ሲደክም እሱ በደህና አያያዝ ብዙ ዓመት ይሠራል። አቅማችሁ ከቻለ ሊትየም ይሻላል ባይ ነኝ።

ጄል ስትገዙ ሚዛን ላይ አውጡት። እውነተኛው 100 ወደ 30 ኪሎ፣ 200ው ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል። 35 ኪሎ የሚመዝን "200" ካያችሁ ውስጡ የጎደለ እርሳስ አለ። ሊትየም ላይ ይኼ አይሠራም፤ እሱ በተፈጥሮው ቀላል ነው።

የመኪና ባትሪ አትግዙ። ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት አልተሠራም።

"ለክረምቱ" ተብሎ ትልቅ ባትሪ መደርደርም ያው ብር መጣል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም ውስጥ ፀሐይ ለቀናት ትጠፋለች። ፓኔሉ ሊሞላው ያልቻለ ባትሪ ግማሽ ሆኖ ሲቀመጥ ደግሞ ይሞታል። ለክረምት ፓኔል ጨምሩ፤ ቴሌቪዥኑንም ትንሽ ቀንሱ።

መብራት እያለ ፓኔል መደርደር

ከተማ ላላችሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ መብራቱ አለ ግን ይሄዳል ይመጣል። ጢስ ዓባይንና ጣና በለስን አጠገባችን ይዘን ሻማ ማብራታችን ያናድዳል፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። የሚጠፋው ለሁለት ሦስት ሰዓት ከሆነ ግን ፓኔል ምን ያደርግላችኋል? ከመብራት ኃይል ራሱ ቻርጅ የሚያደርግ ኢንቨርተርና አንድ ባትሪ ይበቃል። ቆጣሪው ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ወጪውን በግማሽ ትቀንሳላችሁ። መብራቱ ለቀናት የሚጠፋ ከሆነ ያኔ ፓኔል ግዙ። ኢንቨርተሩን ስትገዙ ብቻ በኋላ ሶላር የሚቀበል መሆኑን ጠይቁ።

ኢንቨርተር ላይ "3000 ዋት" ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለሰከንድ የሚችለው ነው። ሳያቋርጥ የሚሸከመውን ጠይቁ፤ ግማሹ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፍሪጅ ካለ ፒዩር ሳይን የሚባለውን፣ እንደ መብራት ኃይሉ ያለ የተስተካከለ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ያዙ።

ትንንሾቹ

ጣሪያ ላይ በብረት ከፍ ያለ መደርደሪያ አሠርተው የሚከፍሉ አሉ። አያስፈልግም። እኛ ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብታዘነብሉት በቂ ነው፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ፓኔል ላይ አንዱን ጫፍ ከ17 እስከ 26 ሳንቲም ማንሣት ማለት ነው። ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ጨርሶ ጠፍጣፋ አታድርጉት።

ጥላ። ፋግታ ለኮማ የሄደ ሰው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ እንዴት ቶሎ እንደሚያድግ ያውቃል። ዛሬ ጉልበት የሚያህለው ችግኝ በሦስት በአራት ዓመት ጣሪያውን ያልፋል። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ፓኔሉ ጥግ ላይ ቢያርፍ እንኳ የምርቱን ሲሶ ሊወስድ ይችላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ጥላ የማይነካው ቦታ ምረጡ። ፓኔል ከመጨመር ቅርንጫፍ መቁረጥ ይረክሳል።

ሽቦ። ጫፉን በቢላዋ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከወጣ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በመዳብ ዋጋ አትግዙት። 12 ቮልት ላይ ቀጭንና ረጅም ሽቦ ፓኔላችሁን በመንገድ ይበላዋል። ባለ 100 ዋቱ ፓኔል ከባትሪው 20 ሜትር ቢርቅና ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን 1 ተኩል ቮልት ገደማ እዚያው ይቀራል። አቀራርቡት፤ ወይም ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግዙ።

ብርሃንና ስልክ ቻርጅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው የእኔ ዓይነቱ ባለሙያ አያስፈልገውም። ፓኔሉ፣ ባትሪውና አምፖሉ አብሮ የሚመጣው ትንሹ ዕቃ ይበቃዋል። ቬራሶል የሚባለው የጥራት ማረጋገጫ ፈትሾ ያለፉትን ዕቃዎች ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ በነፃ አውጥቷል፤ ስሙን ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ።

ጥቅል ዋጋ አትቀበሉ። "ሁሉንም በዚህን ያህል እጨርስልሃለሁ" ሲባል ፓኔሉ ለብቻው፣ ባትሪው ለብቻው፣ ኮንትሮለሩ፣ ሽቦው፣ የእጅ ዋጋው ለየብቻ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። የሚያኮርፍ ይኩርፍ። "የ25 ዓመት ዋስትና" የሚባለው ፋብሪካው ለፓኔሉ የሚሰጠው ነው። ፋብሪካው ደግሞ ሞጣ ቅርንጫፍ የለውም። እናንተን የሚጠቅማችሁ የሱቁ ዋስትና ነው። ለባትሪው ስንት ወር፣ ለኢንቨርተሩ ስንት ወር ብላችሁ ከፓኔሉ መለያ ቁጥር ጋር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ከክፍያው የተወሰነውን አስቀሩ። ጥርት ባለ ቀን፣ ባትሪው ትንሽ ጎድሎ ሳለ፣ እኩለ ቀን ላይ ኮንትሮለሩ ወደ ባትሪው የሚያስገባውን አምፔር አንብቡ፤ በባትሪው ቮልት አባዙት። ከከፈላችሁበት ዋት 70፣ 80 በመቶው ከታየ የቀረውን ስጡት። 30 በመቶ ከሆነ ግን ጣሪያው ላይ መልሱት።