የጥጥ ፈትል በሽንኩርት ልጣጭ ለማቅለም

ድሬዳዋ ላይ ክር የሚያቀልም ሰው መጀመሪያ የሚታገለው ከውሃው ጋር ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ኖራ ሳሙናውን አረፋ ይነሳዋል፣ ቀለሙንም ይቀይረዋል። የዝናብ ውሃ ካላችሁ ለመንከሪያው ቆጥቡት፤ ከሌላችሁ ለ5 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩ።

ልኩ ለ100 ግራም ደረቅ ፈትል ነው። ክሩ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ጫፉን አቃጥሉት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ቀልጦ ጠጣር ፍሬ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ነው፣ ይህን ቀለም አይዝም። ልቃቂቱን እንዳለ አትንከሩት፣ ውስጡ ነጭ ይቀራል። በወንበር መደገፊያ ዙሪያ ጠምጥማችሁ አውጡና አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ጠብቆ የታሰረበት ቦታ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይወጣል።

ብዙዎች የሚዘሉት ማጠቡን ነው። የእጅ ፈትል ማግ ንጹሕ ቢመስልም ሰምና ቅባት አለው። በ5 ሊትር ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና 1 ሰዓት ቀቅሉት። ሐረር ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ሲጠቁር ያያችሁት ያ ቆሻሻ ነው፤ ካልወጣ ቀለሙ ዝንጉርጉር ይሆናል።

ጥጥ ቀለምን በራሱ አጥብቆ አይዝም። 25 ግራም ደረቅ የሮማን ልጣጭ ቀቅላችሁ አጥልሉና ፈትሉን ለብ ባለው ውሃ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ ጭመቁትና 15 ግራም አሉም (ቀለም የሚያስይዝ ነጭ ጨው) በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ሌላ ሌሊት ዘፍዝፉት። ድስቱ ኢናሜል ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፣ ከዚያ በኋላም ወጥ አይሠራበት።

ለቀለሙ 100 ግራም ደረቅ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ያስፈልጋል። ልጣጭ ቀላል ስለሆነ ይህ ትልቅ ፌስታል ሙሉ ነው፤ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ወይም ሐረር ሸዋ በር ያሉ ሽንኩርት ሻጮችን ጠይቁ። 1 ሰዓት ቀቅሉ፣ አጥልሉ፣ አቀዝቅዙ፤ ከዚያ እርጥቡን ፈትል አስገቡ። በዝግታ አሙቁ፤ ሳይፈላ 1 ሰዓት ቆይቶ እዚያው ይደር። ወርቃማ ቡናማ ይወጣል፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ያደላል። አመድማ ጥቁር ካሻችሁ የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ ከውሃው ጥቂት ጠብታ ጨምሩ። ብረት ሲበዛ ክሩን ያደርቀዋል፣ ቆይቶም ይበጣጠሳል።

በሽንኩርት ልጣጭ ፋንታ በእርድ ማቅለም ቀላል ነው፣ ያለ አሉምም ይይዛል። ግን ፀሐይ ቶሎ ታነጣዋለች፣ ሳሙና ሲነካውም ወደ ቀይ ይለወጣል። ለነጠላ ጥለት አይመከርም።

ያለቀውን ፈትል ውሃው እስኪጠራ አለቅልቁና ጥላ ሥር አስጡት።