ጨለማ ቁስንና የኒውትሪኖን ግዝፈት ስናገናኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሠረታዊ ቅንጣቶችን የሚገልጸው ንድፈ ሐሳብ፣ ስታንዳርድ ሞዴል፣ ጨለማ ቁስ (በስበቱ ብቻ የምናውቀው የማይታይ ቁስ) ከምን እንደተሠራ አይነግረንም፤ ኒውትሪኖ (ኤሌክትሪክ ሙል የሌለው እጅግ ቀላል ቅንጣት) ለምን ግዝፈት እንዳለውም አያስረዳም። ሁለቱን በአንድ ሐሳብ እፈታለሁ ብሎ የሚነሳ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከልባቸው እነዚህ ናቸው።

የምናውቃቸውን ሦስት ኒውትሪኖዎች ራሳቸውን ጨለማ ቁስ ማድረግ። በጃፓን የሚገኘው የኒውትሪኖ መመርመሪያ ሱፐር ካሚዮካንዴ እ.ኤ.አ. በ1998 ግዝፈት እንዳላቸው አሳይቷል። ግን ከፕላንክ ሳተላይት የተገኘው ገደብ የሦስቱን ግዝፈት ድምር ከ0.12 ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ግዝፈት መለኪያ) በታች ያደርገዋል። አይበቃም። በዚያ ላይ እጅግ ፈጣን ስለነበሩ ጋላክሲዎች የሚበቅሉበትን ክምችት ይበትኑት ነበር።

ሁለት የማይተዋወቁ ቅንጣቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አገናኘሁ» ማለት። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኤርነስት ማ እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረበውን ስኮቶጄኒክ ሞዴል ተመልከቱ። አዲስ የስኬላር (እንደ ሂግስ ስፒን የሌለው ቅንጣት) ጥንድና ቀኝ እጅ ኒውትሪኖዎች (ደካማው ኃይል የማይነካቸው የኒውትሪኖ ዓይነቶች) ይጨመራሉ፤ ዜድ 2 በሚባለው ሲሜትሪ ሥር አዲሶቹ ምልክታቸውን (ፕላስ ወደ ማይነስ) ይቀይራሉ፣ ነባሮቹ አይቀይሩም። ስለዚህ ኒውትሪኖ በሂግስ በኩል ግዝፈት የሚያገኝበት ቀጥተኛ መንገድ ይዘጋል፤ የሚቀረው ጨለማዎቹ (አዲሶቹ) ቅንጣቶች የሚዞሩበት ሉፕ፣ ማለትም ለቅጽበት ብቅ ብለው የሚጠፉበት የኳንተም ዑደት፣ ብቻ ነው። ከእነሱ በግዝፈት ትንሹ እንዳይፈራርስ የሚጠብቀውም ያው ሲሜትሪ ነው። ሲሜትሪውን አንሱት፦ ጨለማው ቁስ ይፈራርሳል፣ ኒውትሪኖውም ያለ ሉፕ ግዝፈት ያገኛል። በራሳችሁ ሞዴል ላይም ይህንኑ ሞክሩ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ምንም ካልሆነ ግንኙነት የለም።

በዚሁ ሞዴል አዲሶቹን ስኬላሮች ከሂግስ ጋር የሚያያይዘውን ላምዳ 5 የተባለ ቁጥር እንደፈለጉ ማሳነስ። ይህ ቁጥር ዜሮ ሲሆን የሌፕቶን ቁጥር (የኤሌክትሮን፣ የኒውትሪኖና የመሰሎቻቸው ቆጠራ) ስለሚጠበቅ የኒውትሪኖው ግዝፈትም ዜሮ ይሆናል፤ ስለዚህ ትንሽ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም። ነገር ግን ጨለማው ቁስ ስኬላሩ ከሆነ፣ የሁለቱን ገለልተኛ ስኬላሮች ግዝፈት የሚለያየው ይኸው ቁጥር ነው። ልዩነቱ ከ100 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ካነሰ፣ ደካማውን ኃይል በሚያስተላልፈው በዜድ ቦዞን አማካይነት ከአቶም ኒውክሊየስ ጋር የሚፈጠረው ግጭት በጣም ይበዛል፤ በዜኖን የሚሠሩት የጨለማ ቁስ መፈለጊያዎችም እስካሁን ባዩት ነበር።

ሙዮንን፣ የኤሌክትሮንን ከባድ ዘመድ፣ መርሳት። ጨለማው ቁስ ቀኝ እጅ ኒውትሪኖው ከሆነ፣ በጥንቱ ዩኒቨርስ መጠኑ እንዲቀንስ ጠንካራ የዩካዋ ቁጥሮች (ከስኬላሩና ከነባሮቹ ሌፕቶኖች ጋር የሚያያዝበት ጥንካሬ) ያስፈልጉታል። እነዚያው ቁጥሮች ሙዮንን ወደ ኤሌክትሮንና ፎቶን ይለውጣሉ። በስዊዘርላንድ የፖል ሼረር ተቋም የሚገኘው ሜግ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ለውጥ ከ10 ትሪሊዮን የሙዮን መፈራረሶች ከ4.2 እንደማይበልጥ አሳይቷል። የጨለማውን ቁስ መጠን አስልታችሁ ስትጨርሱ፣ በነዚያው ቁጥሮች ይህንንም አስሉ።